ሁሉን የሚከፍት ቁልፍ

አንድ የቡና ነጋዴ ነበረ አሉ። ደብዳቤ ከየአገሩ ይጎርፍለታል፤ ከገዢ፣ ከጫኝ፣ ከአበዳሪ። በግቢው አንድ ክፍል ለደብዳቤ ብቻ ለየና ለጸሐፊው፣ ለሒሳብ ያዡ፣ ለመጋዘን ኀላፊው፣ ለራሱም የየግል ሣጥን አሠራ። ለየሣጥኑ የራሱ ቁልፍ፣ ለቁልፎቹ ሁሉ አንድ ሽማግሌ ጠባቂ።

ሽማግሌው ግን ሰለቸው። ጸሐፊው ቁልፉን ይረሳል፣ ሒሳብ ያዡ ይጥላል፣ ሁሉም እኩለ ሌሊት ደጁን ያንኳኳል። ቁልፍ ቀራጭ ዘንድ ሄደና ሁሉን ሣጥን የሚከፍት አንድ ቁልፍ አስቀረጸ። ተገላገለ።

አንድ ቀን ጸሐፊው ታመመ። ተላላኪው ልጅ ከጸሐፊው ሣጥን አንድ ደብዳቤ እንዲያመጣ ታዞ መጣ። የጸሐፊውን ቁልፍ ከክምሩ መፈለግ ጊዜ ይፈጃል። «እንካ ልጄ፣ በዚህ ክፈት፤ ነገ ትመልስልኛለህ» አለው። ልጁ ታማኝ ነበር፤ የታዘዘውን አወጣ፣ ሌላውን አልነካም። በማግስቱ አጎቱ ሞተው ወደ አገሩ ተጠራ። ሽማግሌው አልጠየቀ፣ ልጁ አላስታወሰ፤ ቁልፉ የነጋዴው ስም ከተጻፈበት ከረጢት ጋር ተጓዘ። ባደረበት ቤት ከረጢቱ ተሰረቀ።

ወር ሳይሞላ ለአንድ ገዢ ደብዳቤ ደረሰው፤ «የቡናውን ዋጋ ለዚህ ሰው ክፈል» ይላል። ማኅተሙ እውነተኛ ነው፤ ገዢው ከፈለ። ማኅተሙ የሚቀመጠው ከደብዳቤዎቹ ጋር በነጋዴው ሣጥን ውስጥ ነበርና፣ ሣጥኑን የከፈተ ማንበብ ብቻ ሳይሆን በስሙ መጻፍም ይችላል።

ነጋዴው ተቆጣ። የግቢውን በር ቁልፍ አስለወጠ። በሩ ግን ቀን ቀን ለባለጉዳይ ክፍት ነው፣ የሣጥኖቹም ቁልፎች የድሮዎቹ ናቸው። ሁለተኛ ደብዳቤ ወጣ።

ያኔ ታላቅ እህቱን አስመጣ፤ ዕድሜዋን በሙሉ የትልቅ ቤት ጓዳ ያስተዳደረች ሴት ናት። «ማን ሰረቀ?» አላለችም። «ማን ምን ይዟል?» አለች። የሚመልስላት ጠፋ። የሣጥኖቹን ቁልፍ ሁሉ አስለወጠች። ማኅተሙን ለብቻው ቆለፈችበት፤ ጸሐፊው ያንብብ እንጂ አያትምም። ቁልፍ ቀራጩ ያለ እሷ ቃል እንዳይቀርጽ አስጠነቀቀች። ግድግዳው ላይ ችንካር አስመታች፣ በየችንካሩ ሥር ስም አስጻፈች፣ ማታ ማታ ባዶውን ትቆጥራለች።

አንድ ማታ አንድ ችንካር ባዶ ሆነ፤ የወንድሟ። ከእንግዶች ጋር እራት ቀርቦለት ሳለ መጣችና እጇን ዘረጋች።

«እትዬ፣ እኔም? የገዛ ቤቴን?»

እጇን አላጠፈችም። ወጡ ቀዘቀዘ፣ እንግዶቹ ተያዩ።

«አንተንማ አምንሃለሁ» አለችው። «ቢወድቅብህ የሚያነሳው ግን አንተ አይደለህም።»

ነጋዴው ኪሱን ፈተሸ።

የኢሜይል ሰርቨር የሚያስተዳድር ሰው ይህን ቤት ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የአይማፕ ደንብ፣ አርኤፍሲ 4314፣ ሣጥኑ መኖሩን ማየትን፣ ማንበብን፣ መልእክት ማስገባትን፣ መሰረዝን፣ ለሌላ ፈቃድ መስጠትን በየራሳቸው ፊደል ለያይቷቸዋል። በማይክሮሶፍት ኤክስቼንጅም የሰው ሣጥን ከፍቶ ማንበብ አንድ ፈቃድ ነው፣ በስሙ መላክ ሌላ። ይህን ሁሉ የለያዩት ሰዎች የደከሙት በከንቱ አይደለም፤ እኛ ግን ስንቸኩል ሁሉንም ባንድነት እንሰጣለን፣ ሰው ሲታመም፣ «ለዛሬ ብቻ» ብለን። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ፈቃድ የማደል ፈቃድ ነው፤ እሱን የያዘ ለራሱም ለሌላም ያሻውን ይጨምራል።

ጉዳት ሲደርስ ደግሞ የይለፍ ቃል ይለወጥና ሁሉም እፎይ ይላል። የይለፍ ቃል መለወጥ ብቻውን ግን ለሌላ አካውንት የተሰጠ ፈቃድ አይሽርም፤ መልእክት ወደ ውጭ እንዲያስተላልፍ የተቀመጠ ደንብም ካለ ሥራውን ይቀጥላል። ማን ምን እንደተፈቀደለት የሚዘረዝር ትእዛዝ እንደ ዶቭኮትና ኤክስቼንጅ ባሉ የኢሜይል ሰርቨሮች አለ። ዝርዝሩ ሲወጣ የዋና ሥራ አስኪያጁም ስም ሊገኝበት ይችላል፤ የሠራተኛውን ሁሉ ሣጥን እንዲከፍቱ ተፈቅዶላቸው፣ ምናልባት አንዴም ሳይጠቀሙበት። እሳቸው ቢሮ ገብቶ «ይህ ፈቃድ ያስፈልግዎታል?» ብሎ መጠየቅም የሰርቨሩ አስተዳዳሪ ሥራ ነው።