ሌሊት የሚያንኳኳው ቧንቧ

ከእናንተ መካከል ኮንዶሚኒየም ተከራይቶ የሚኖር ካለ ስለ ምን እንደማወራ ከርእሱ ገብቶታል። ሌሊት ስምንት ሰዓት ገደማ ነው። ሰፈሩ ጸጥ ብሏል፤ ውሾቹም ደክሟቸው ተኝተዋል። ድንገት ግድግዳው ውስጥ የሆነ ነገር ያፏጫል። ቀጥሎ እንደ ጠገበ ሰው ያገሳል። ከዚያ ኳ! ኳ! ኳ! እያለ መዶሻ የያዘ ሰው ግድግዳውን የሚመታ ይመስላል። ውሃ መጣ ማለት ነው። የሕንፃው ሰው ግማሹ ባልዲ ፍለጋ ይነሣል፤ ግማሹ ደግሞ ትራሱን ጆሮው ላይ ጭኖ የነገውን ሥራ ያስባል።

እኔ ለብዙ ጊዜ ከሁለተኛዎቹ ነበርኩ። ይህ ድምፅ ያስነሣብኝን አንድ ጥያቄ ዛሬ ለእናንተም ላካፍላችሁ፦ ጎረቤታችን ሲረብሸን ዝም ብለን ማለፋችን ትዕግሥት ይባላል ወይ?

በመጀመሪያ ግን ቧንቧ ለምን እንደሚጮኽ እንነጋገር፤ ምክንያቱን ሳያውቁ መፍረድ ነውና ችግሬ የነበረው። አዲስ አበባ ውስጥ በብዙ ሰፈሮች ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ውሃ በሌለበት ቀን ቧንቧውን አየር ይሞላዋል። ውሃው ሲመለስ ያንን አየር እየገፋ ያስወጣዋል፤ ማፏጨቱና ማግሳቱ ከዚህ ይመጣል። ኳኳታው ግን ሌላ ምክንያት አለው። በቧንቧ ውስጥ የሚሮጥ ውሃ ክብደት አለው። መንገዱ ባንዴ ሲዘጋበት፣ በሩጫ ላይ ያለ ሰው ከግድግዳ ጋር እንደሚላተም ይላተማል፤ የግጭቱም ግፊት በመስመሩ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ኒኮላይ ዡኮቭስኪ የተባለው የሩሲያ ሊቅ በ1897 እና በ1898 እ.ኤ.አ. በሞስኮ የውሃ መስመር ላይ ሙከራ አድርጎ ይህን ግፊት ማስላት የሚቻልበትን መንገድ አሳይቷል። በብረት ቧንቧ ውስጥ በሰከንድ 1 ሜትር ብቻ የሚጓዝ ውሃ ባንዴ ቢቆም የሚፈጠረው ተጨማሪ ግፊት ከ10 ባር ይበልጣል። የቤት መኪና ጎማ ውስጥ ያለው ግፊት ከ2 እስከ 3 ባር ያህል መሆኑን ስታስቡ፣ ቧንቧው ለምን እንደሚንቀጠቀጥ ይገባችኋል። ድምፁ ደግሞ ቧንቧውን ተከትሎ ከምድር ቤት እስከ አራተኛ ፎቅ ይደርሳል። ስለዚህ ከየት እንደተነሣ በጆሮ ብቻ መለየት ያስቸግራል። ይህችን የመጨረሻ ነገር ያዙልኝ።

የምኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከእኔ በላይ አንዲት እናት ይኖራሉ። ውሃ በመጣ ቁጥር ይነሣሉ፤ ጀሪካኖቻቸውን ሲጎትቱ፣ ቧንቧ ሲከፍቱ፣ ውሃው ጀሪካኑ ውስጥ ሲወርድ ይሰማኛል። ጥቂት ቆይቶ ኳኳታው ይጀምራል። እኔም ሁለቱን አገናኘሁና ፍርዴን ሰጠሁ፦ እንቅልፍ የሚነሡኝ እሳቸው ናቸው።

ምንም አልነገርኳቸውም። «ክርስቲያን ነኝ፣ ልታገሥ» አልኩ። ለቤት ኅብረታችንም «ጌታ ትዕግሥት እንዲሰጠኝ ጸልዩልኝ» ብዬ አስጸለይኩ። አንዳንዶቹ ትዕግሥቴን አደነቁ፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። በዚያው ሳምንት ግን ስልኬ ላይ ኳኳታው የጀመረበትን ቀንና ሰዓት እየመዘገብኩ ነበር። አንድ ሌሊት ደግሞ ተነሥቼ በመጥረጊያው እንጨት ጣሪያውን ሦስት ጊዜ መታሁት። በማግስቱ ደረጃ ላይ ተገናኘን። «እንደምን አደሩ፣ እናቴ?» ብዬ ፈገግ አልኩ። እሳቸውም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ» አሉኝ። እንዲህ ሆነን ሦስት ወር አለፈ።

በመጨረሻ የቧንቧ ሠራተኛ ጠራሁ። የጠራሁት ለጥገና አልነበረም፤ ጥፋቱ የላይኛው ቤት መሆኑን አይቶ ለሕንፃው ኮሚቴ እንዲመሰክርልኝ ነበር። ሰውየው ውሃው ሳይሄድ ማለዳ መጣ። መዳፉን ኩሽና ባለው ቧንቧ ላይ አሳረፈ፤ ቀጥሎ መታጠቢያ ቤት ገባ። ከዚያ በረንዳ ወጣና የእኔን ታንከር ክዳን አነሣ። ታንከሩ ውስጥ ፍሎተር አለ፤ ውሃው ሲሞላ ከፍ እያለ መስመሩን የሚዘጋው ኳስ ማለት ነው። የመዝጊያው ጎማ አልቆ ኖሯል። ታንከሩ ሊሞላ ሲል ኳሱ በሚናወጠው ውሃ ላይ እየዘለለ መስመሩን ይዘጋል፣ ይከፍታል፣ ደግሞ ይዘጋል። እያንዳንዱ መዝጋት አንድ ኳኳታ ነው። ከግድግዳው የተላቀቀው ቧንቧ ደግሞ ድምፁን ያጎላዋል።

«ሕንፃውን በሙሉ የሚቀሰቅሰው ይሄ ነው» አለኝ።

ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ፍሎተሩን ቀየረው፤ የተላቀቀውንም ቧንቧ ከግድግዳው ጋር አሰረልኝ።

ያን ቀን ማታ ወደ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። በሩን ሳንኳኳ ምን እንደምል አላውቅም ነበር። «እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሌሊት የሚያንኳኳው ለካ የእኔ ታንከር ነው» አልኳቸው።

ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «እኔ ደግሞ እንቅልፍ ነሣኋት እያልኩ ስሳቀቅ ነበር፤ ጣሪያውን ከመታሽበት ሌሊት ወዲህ ቧንቧውን በትንሹ ነው የምከፍተው» አሉኝ።

ታንከር የላቸውም፤ ያላቸው ጀሪካን ብቻ ነው። ቧንቧውን በትንሹ ከፍተው ሲጠብቁ፣ ጀሪካኖቹ ሳይሞሉ ውሃው የሚሄድባቸው ሌሊት ነበር። እንዲህ ባለው ሳምንት ውሃ ገዝተው አራት ፎቅ ሙሉ በሰው ያስወጣሉ። ለሸክሙም ይከፍላሉ። ይህን የነገሩኝ ሊወቅሱኝ ብለው አይደለም፤ ስለጠየቅኳቸው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ።

ወጣቶች ሆይ፣ አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ያ የሦስት ወር ዝምታዬ ምን ነበር? ትዕግሥት ብዬው ነበር፤ ሰዎችም እንዲሁ ብለውልኛል። ውስጡ ግን የክስ መዝገብ ነበረበት። ትዕግሥት ስለዚያ ሰው ማወቅን ይጠይቃል፤ ለምን ሌሊት ይነሣሉ? ስንት ሰው ይጠብቃቸዋል? ከእኔ የሚሻል መንገድ አላቸው ወይ? ከእነዚህ አንዱንም አልጠየቅሁም። ዝምታዬ እሳቸውን ከእኔ ቁጣ የሚጠብቅ ይመስለኝ ነበር፤ የጠበቀው ግን እኔን ነው። ብጠይቅ ኖሮ ልሳሳት እችል ነበር፤ አፍርም ይሆናል። ስለዚህ ሃያ የማይሞላ ደረጃ ከመውጣት ሦስት ወር መጸለይ ቀለለኝ። በጸሎት መሄድ ያለብኝን ቦታ ሸሸሁበት ማለት ነው። ይህን መጻፍ ያሳፍራል፤ ግን ከእናንተም አንዳንዶቻችሁ እንዲህ ያለ ጸሎት የምታውቁት ይመስለኛል።

«ታዲያ ሁልጊዜ ጥፋቱ የራሳችን ነው ልትይን ነው?» ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። አይደለም። እኔ የተማርኩት ጩኸትን ሁሉ በአንድ ከረጢት አለመክተትን ነው። ሦስት ዓይነት ጩኸት አለ።

የመጀመሪያው የሚጠገን ነው። ይህን መታገሥ ጽድቅ የለውም፤ ስንፍና ነው። የራሳችሁን ቤት ፈትሹ። ፍሎተሩ አልቆ እንደሆነ ክዳኑን ከፍታችሁ እዩ። የሚንጠባጠበውን ቧንቧ ጎማውን ቀይሩ። የተላቀቀውን መስመር አሳስሩ። የውሃ መሳቢያ ሞተር ካላችሁ በባዶ ሲሚንቶ ላይ አታቁሙት፤ ከሥሩ ወፍራም ጎማ አድርጉለት። ቧንቧ ስትዘጉም ቀስ ብላችሁ ዝጉ፤ በዝግታ የቆመ ውሃ አያንኳኳም።

ሁለተኛው የሚነገር ነው። ጎረቤት እኩለ ሌሊት ላይ ያለ ችግር ሞተር የሚያስነሣ ከሆነ፣ ወይም አከራይ የተሰበረውን የሕንፃ መስመር አላሠራም ካለ፣ ዝም ማለት እሱንም አይጠቅመውም። ተከራይ የሆንን ሰዎች እዚህ ላይ የምንወድቀው በፍርሃት ነው። «ከተናገርኩ ኪራይ ይጨምርብኛል፣ ያስወጣኛል» እንላለን። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም፤ ብዙ ሰው ደርሶበታል። ነገር ግን የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። ውላችሁን አስመዝግቡ፤ መብታችሁን እወቁ። ከዚያ በኋላ የቀረውን ፍርሃት ቢያንስ ፍርሃት በሉት፤ ትዕግሥት የሚል ስም አታውጡለት። ስትናገሩ ደግሞ በቀን ሂዱ፣ መጀመሪያ ለብቻው ንገሩት፤ ከክስ በፊት ጥያቄ ይቅደም። «ሌሊት የሚሰማውን ድምፅ እርስዎም ይሰሙታል?» ብዬ ብጀምር ኖሮ ነገሩ በአንድ ማታ ባለቀ ነበር።

ሦስተኛው የምንሸከመው ነው። ውሃው ሌሊት እንዲመጣ ከሕንፃው ነዋሪ አንድም ሰው አልወሰነም። የአራተኛ ፎቅ እናት ቀን መቅዳት ቢችሉ ቀን በቀዱ። ጀሪካን በዝምታ አይሞላም። ይህን ድምፅ ልንጠግነው አንችልም፤ ብንናገርም የምንጨምረው የሰው መሳቀቅ ብቻ ነው። ትዕግሥት የሚባለው ቦታው እዚህ ነው። የእኔ ስሕተት ቦታ ማለዋወጤ ነበር፤ የሚጠገነውን ተሸከምኩ፣ ልሸከመው የሚገባውን ደግሞ በመጥረጊያ እንጨት መታሁ።

ጌታ ኢየሱስ በእኩለ ሌሊት የወዳጁን በር ስላንኳኳ ሰው ያስተማረውን ምሳሌ ታስታውሳላችሁ። እንግዳ መጥቶበት የሚያቀርበው እንጀራ አጥቷል። ስለ ጸሎት ስንማር ራሳችንን የምናየው ከደጅ ሆኖ በሚያንኳኳው ሰው ቦታ ነው፤ ትምህርቱም በእርግጥ ስለ ጸሎት ነው። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ሳነበው ከውስጥ የተኛውም ሰው ትዝ ይለኛል። በሩ ተዘግቷል፣ ልጆቹ ተኝተዋል፣ እሱም ደክሞታል። በሌሊት የሚያንኳኳው ሰው ረባሽ ነው ቢል የሚፈርድበት አይኖርም። ሆኖም ከበሩ በስተጀርባ ያለው ረባሽ ሳይሆን የሚያስፈልገው ነገር ያለ ሰው ነበር፤ እንቅልፍ ያጣውም ሰው በመጨረሻ ተነሥቶ ሰጠ።

በሚቀጥለው ጊዜ በኅብረታችሁ ስትሰበሰቡ አንድ ነገር ተጠያየቁ። አሁን «እየታገሥኩት ነው» የምትሉት ሰው ማን ነው? አብሮ የሚኖር ጓደኛ ሊሆን ይችላል፤ ወንድም፣ አከራይ ወይም የላይኛው ፎቅ ጎረቤትም ሊሆን ይችላል። ያንን ሰው አንድ ጊዜ እንኳ ጠይቃችሁታል? ካልጠየቃችሁት ለትዕግሥት ከመጸለያችሁ በፊት ደረጃውን ውጡ። ምናልባት ጥፋቱ የእሱ ሆኖ ታገኙት ይሆናል፤ ያን ጊዜ ትነግሩታላችሁ። ምናልባት ደግሞ የእናንተን ታንከር ክዳን መክፈት ያስፈልግ ይሆናል።

የእኔን ነገር ልጨርስላችሁ። ኳኳታው ቆሟል። የአራተኛ ፎቅ እናት ግን አሁን ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ነው የሚከፍቱት። ስለዚህ የጀሪካኑ ድምፅ ከድሮው ይበልጣል። ባለፈው ሌሊትም ቀሰቀሰኝ። አንዱ ሞላ፤ ሁለተኛው ሞላ፤ ሦስተኛው ሲጀምር ሰማሁ። አራተኛውን አልሰማሁትም፤ እንቅልፍ ወስዶኛል።