ጉርሻው ለማን ደረሰ?

አዲስ አበባ፣ መርካቶ አጠገብ፣ መሳለሚያ እህል በረንዳ ላይ አንድ የጤፍ ነጋዴ ነበረ ይባላል። መጋዘኑ መኪና ከሚቆምበት ራቅ ብሎ፣ ደረጃ ተወጥቶ የሚደረስበት ነው። ከምንጃር፣ ከበቾ፣ ከአድዓና ከጎጃም የተጫነው ጤፍ ሌሊቱን ሲጓዝ ያድርና ጎሕ ሳይቀድ ይደርሳል። አምስት ተሸካሚዎች ባዶ ኬሻ አናታቸው ላይ ደፍተው ይጠብቁታል። አንዱ ኩንታል መቶ ኪሎ ነው። ተሸካሚው ጀርባውን ያዞራል፤ መኪናው ላይ የቆሙት ያሸክሙታል፤ ደረጃውን ወጥቶ ሲያራግፍ በሩ ላይ የተቀመጠው ልጅ አንድ ቆርኪ ይሰጠዋል። ማታ ቆርኪው ተቆጥሮ በኩንታል አሥር ብር ይከፈላል።

ከአምስቱ ሁለቱን ማወቅ ይበቃል። አንዱን ረጅሙ ይሉታል። ጉልበቱ የተመሰከረለት ነው፤ ኩንታል ተሸክሞ ቀልድ የሚያወራ እሱ ብቻ ነው። ሁለተኛው ዝምተኛው ነው። ፈጣን የሚባል አይደለም፣ ዘገምተኛም አይባልም፤ ግን ጠዋት የጀመረበት እርምጃና ማታ የሚጨርስበት እርምጃ አንድ ነው።

ከእነሱ ሌላ አንዲት እናት አሉ። መጥረጊያ፣ ወንፊትና ሰፌድ ይዘው ከመኪናው ሥር አይጠፉም። ከኬሻ የሚንጠባጠበውን ጤፍ ከአፈሩ ጋር ይጠርጉታል፣ ይነፉታል፣ ያበጥሩታል፣ ያንገዋልሉታል። ማታ አንድ ሁለት ስኒ ከተገኘ ቀኑ ጥሩ ውሏል። ጥራጊው የእሳቸው እንደሆነ በረንዳው ሁሉ ያውቃል፤ የሚከለክላቸው የለም።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ነው። እንቁጣጣሽ ቀርቧል፣ ገበያው ደርቷል፣ ዝናቡም ሰዓት ጠብቆ አይመጣም። ጤፍ ደግሞ ከራሰ አለቀለት። ነጋዴው መኪናው ቶሎ እንዲራገፍለት ፈለገ። «ሰውን የሚያስሮጠው ብር ነው» አለና አንድ ነገር አወጀ፦ ከዛሬ ጀምሮ በቀን ብዙ ቆርኪ ለሰበሰበ ሰው ሁለት መቶ ብር ጉርሻ።

የመጀመሪያው ሳምንት ለነጋዴው ፋሲካ ነበር። ተሸካሚዎቹ ደረጃውን በሩጫ ወጡት። እስከ ቀትር ይፈጅ የነበረው መኪና ከረፋዱ አራት ሰዓት ባዶውን ቆመ። ነጋዴው ለጎረቤቶቹ ሁሉ ጥበቡን አወራ።

በሁለተኛው ሳምንት ግን ነገሩ መልኩን ለወጠ። ረጅሙን መቅደም እንደማይችሉ የገባቸው ሦስቱ፣ «ላይደርሰን ለምን እንሞታለን» ብለው እርምጃቸውን አሳጠሩ። ረጅሙም ብልጥ ነው። ከሁለተኛው በአንድ ቆርኪ መብለጥ እንደሚበቃው ሲያውቅ አንድ ቆርኪ በልጦ ማረፍ ጀመረ። የሚሸከመውንም ለፍጥነት ሲል ከትከሻው እንደ ድንጋይ ይወረውረዋል። ስፌት ይተረተራል፣ ኬሻ ይቀደዳል፣ ጤፍ ደረጃው ላይ እንደ ውኃ ይወርዳል።

አንድ ማታ እናቲቱ ነጋዴው ዘንድ መጡ። ሰፌዳቸው ሞልቶ ተርፎ በነጠላቸው ጫፍም ቋጥረዋል።

«ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ ልልህ ነው የመጣሁት።»

«ስለ ምኑ፣ እማማ?»

«ስለ ጉርሻው ነዋ። ከሁሉም ይልቅ የደረሰው ለእኔ ነው። ድሮ በስኒ የምሰፍረውን ይኸው ዛሬ በጣሳ ሰፈርኩ።»

ነጋዴው ደረጃውን አየ፤ ከዚያ የእናቲቱን ነጠላ አየ። ተረቱ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላል፤ እሱ ግን አፈሰሰ እንጂ የለቀመው ሌላ ሰው ነው። በነጋታው ጉርሻውን አነሣ።

ነገሩ ወደ ድሮው ይመለሳል ብሎ ነበር። አልተመለሰም። ረጅሙ ከጉርሻው በፊት ይሸከም የነበረውን ያህል እንኳ አልሸከም አለ። «በነጻ የሚሮጥ ሞኝ የት አለ?» ይላል፤ አሥር ብሩ እንዳለ ሆኖ ጉርሻ የሌለበት ቀን የነጻ ሥራ መስሎ ታየው። ያልተለወጠው ዝምተኛው ብቻ ነበር። ከጉርሻው በፊትም፣ በጉርሻውም፣ ከጉርሻው በኋላም እርምጃው ያው ነው። ከእሱ ትከሻ የወረደ ኬሻም ተቀድዶ አያውቅም።

ነጋዴው ግራ ገባውና ለብቻው ጠራው።

«አንተ ልጅ፣ ብር ሲጨመር አልሮጥክ፣ ሲቀነስ አልዘገየህ። ምንድን ነው የሚያስኬድህ?»

ዝምተኛው ትንሽ አፈረ። ከብብቱ በላስቲክ የተጠቀለለ ደብተር አወጣ።

«ጋሼ፣ እኔ ጤፍ እየተማርኩ ነው።»

«ጤፍ ደግሞ ምኑ ይማሩታል?»

«ኬሻው ሲወርድ ከስፌቱ የሚያፈሰውን ቁንጥር በመዳፌ እይዛለሁ። መልኩን አያለሁ፣ በጥርሴ እሰብረዋለሁ፣ ከዚያ ከየት አገር እንደመጣ በልቤ እገምታለሁ። ሹፌሩን እጠይቅና ካገኘሁት ደብተሬ ላይ ራይት አደርጋለሁ፤ ከሳትኩት ኤክስ አደርጋለሁ። የመጀመሪያው ወር ከአሥሩ ሁለቱን እንኳ አላገኝም ነበር። አሁን ስምንቱ አያመልጡኝም። የከረመውን ካዲሱ፣ ንጹሑን ከተቀላቀለው መለየትም ጀምሬያለሁ። እግዜር ካለ አንድ ቀን እዚሁ በረንዳ ላይ የራሴን ሚዛን አቆማለሁ። ደረጃውማ ለእኔም ያው ደረጃ ነው ጋሼ፤ ግን የሚቀጥለው ኬሻ ምን እንደያዘ ለማየት ያጓጓኛል።»

ነጋዴው ሊፈትነው ፈለገ። ከሦስት ኬሻ ሦስት እፍኝ አምጥቶ ዘረጋለት። ዝምተኛው ሁለቱን አይቶ አገራቸውን ተናገረ። ሦስተኛውን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገና፣ «ይሄኛው አሸዋ አለበት፣ ጋሼ። ሳይከፍሉ ይመልሱት» አለው። ኬሻው ተፈትቶ ሲነፋ እንዳለው ሆነ። ነጋዴው በዚያች ቀን ከብዙ ኪሣራ ዳነ።

እዚህ ላይ ምሳሌው ቢያበቃ ያምር ነበር። ነጋዴው ግን የዚያን ሌሊት ሲያሰላ አደረ። «ይህ ልጅ ትምህርቱን የሚማረው ከእኔ ኬሻ ነው። ተማሪ ይከፍላል እንጂ ይከፈለዋል እንዴ? ደግሞስ ለፍቅሩ ለሚሠራ ሰው ብር ምን ያደርግለታል?» ሲነጋ ተሸካሚዎቹን ሰብስቦ ዝምተኛውን በሰው ፊት አመሰገነው፤ ደብተሩንም ከፍ አድርጎ አሳየ። «እንዲህ ነው ሠራተኛ! ለብር አይደለም የሚሠራው!» አለ። ማታ ላይ የሁሉንም ሒሳብ በኩንታል ከአሥር ወደ ስምንት አወረደው።

ዝምተኛው ቆርኪውን ቆጥሮ፣ ብሩን ቆጥሮ ቀና አለ።

«ጋሼ፣ እኔ ያወቅኩት ጤፉ ከየት እንደሚመጣ ነው። የቤት ኪራዬ ከየት እንደሚመጣ ግን ገና አላወቅኩም።»

በነጋታው ሁለት መጋዘን ተሻግሮ ሌላ ነጋዴ ዘንድ ገባ። ያኛው አሥር ብሩን አልነካበትም፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ኬሻ ሲፈታ እንዲያይለት ይጠራው ጀመር። በኋላ የራሱን ሚዛን አቆመ የሚሉ አሉ፤ አላቆመም የሚሉም አሉ። የመጀመሪያው ነጋዴ ግን ከረጅሙና ከተቀደዱ ኬሻዎቹ ጋር ቀረ።

ሲጨንቀው እናቲቱን ጠየቃቸው። «እማማ፣ ብር ሰጠሁ አበላሸሁ፤ ምስጋና ሰጠሁ አባረርኩ። ሰውን ምን ያሠራዋል?»

ሰፌዳቸውን ሳያቆሙ መለሱለት። «ሰው በሁለት እግሩ ነው የሚሄደው፣ ልጄ። አንደኛውን በጉርሻ አሳበጥክበት፣ ሁለተኛውን በምስጋና ቆረጥክበት። ከዚያ ለምን አይሄድም ትለኛለህ?»

ምሳሌው ይኸው ነው። ፍቺው ሩቅ አይደለም። አንዱ እግር የሚገባ ዋጋ ነው፤ ሠርቶ የሚያድርበት፣ ቤት የሚከራይበት፣ ልጅ የሚያሳድግበት። ሁለተኛው ሰው ከሥራው ውስጥ የራሱ የሚለው ነገር ነው፤ የሚማረው፣ የሚያሻሽለው፣ ትላንት ስቶት ዛሬ ያገኘው። አሠሪዎች ብዙ ጊዜ የምንሳሳተው በአንዱ እግር ሌላውን ለመተካት ስንሞክር ነው።

የመጀመሪያው ስሕተት ሁሉንም በጉርሻ ማስኬድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ኤድዋርድ ዴሲ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር ተማሪዎችን የቅርጽ እንቆቅልሽ አስፈታ። ለግማሾቹ በመኻል በፈቱት ቁጥር ገንዘብ ከፈለና ኋላ ክፍያውን አቆመ። ክፍያ የቀመሱት በትርፍ ጊዜያቸው ወደ እንቆቅልሹ መመለሳቸው ከበፊቱ አነሰ። እ.ኤ.አ. በ1999 ዴሲና ባልደረቦቹ 128 ጥናቶችን አንድ ላይ ሲመረምሩም ሰው ወድዶ ለሚሠራው ሥራ አስቀድሞ ቃል የተገባ ሽልማት ፍላጎቱን እንደሚያቀዘቅዝ፣ «ይህን አውቀኸዋል» የሚል የልብ ቃል ግን እንደሚያሞቅ አገኙ። በእርግጥ ኩንታል መሸከም እንቆቅልሽ መፍታት አይደለም፤ ማንም ለደስታው ብሎ አይሸከምም። ዝምተኛው ያደረገው ግን ይህን ነው፦ ከሸክሙ መኻል የራሱን እንቆቅልሽ አገኘ። ያንን ማንም አልሰጠውም፤ ስለዚህም ጉርሻው ሲነሣ አብሮ አልተነሣም።

ሁለተኛው ስሕተት በአገራችን የከፋ ነው። ትጉህ ሰው ስናገኝ ትጋቱን የደመወዝ ቅናሽ እናደርገዋለን። መምህሩን «ሙያህ ክቡር ነው»፣ ሐኪሙን «ሥራህ ጽድቅ ነው» እንላለን፤ ክብሩና ጽድቁ ግን የቤት ኪራይ አይከፍልም። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የደመወዝ ጥያቄ አንሥተው ሥራ እስከ ማቆም ሲደርሱ «ቃል ኪዳናችሁስ?» ያሏቸው ነበሩ። ቃል ኪዳኑን ይዘው ሌሊቱን በተረኛነት የሚያድሩት እኮ እነሱው ናቸው። የጠየቁት ስለ ሌላኛው እግር ነው።

ሁለቱ እግሮች አብረው ሲራመዱ ምን እንደሚሠሩ ደግሞ መርካቶ ራሷ ምስክር ናት። ከጉራጌ አገር በእግሩ መጥቶ በሊስትሮ፣ በሸክምና በጉልት የጀመረ ሰው ብር የሚቆጥረው ሳንቲም ሳይንቅ ነበር። የዚያው ሰው ሌላው ዓላማ ግን ከኪሱ ውጪ ነበር። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የጉራጌ ተወላጆች የመንገድ ሥራ ማኅበር መሥርተው፣ ከየገቢያቸው አዋጥተው፣ መኪና ወደማያውቃቸው የትውልድ ቀዬዎቻቸው መንገድ አስገቡ። ለትርፍ የሠራውና ለመንገዱ ያዋጣው ሁለት ሰው አልነበረም። ትርፉ ባይኖር መዋጮው አይኖርም፤ መንገዱ በልቡ ባይኖር ደግሞ ያን ሁሉ ዓመት በሊስትሮ ሣጥን ላይ መታገሡ አጠራጣሪ ነበር።

እንግዲህ ሰው የምታሠራ ከሆንክ ቅደም ተከተሉን አትሳት፦ አስቀድመህ የሚገባውን ክፈለው፤ ከዚያ ከሥራው ምን እንዳወቀ ጠይቀው፤ ያወቀውን ነገር ደግሞ ተጠቀምበት። የሚሠራው አንተ ከሆንክ ዋጋህን ሳታፍር ጠይቅ፤ ነገር ግን ማንም ሊሰጥህም ሊነሣህም የማይችል አንድ ደብተር ይኑርህ። ከባድ ግብ ላይ የሚደረሰው በአንድ እግር ብቻ አይደለም።