ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የተሸከሙት ድንጋይ



ዑስማን ኢብኑ መዝዑን (ረ.ዐ) ወደ ሀገራችን ሐበሻ ከተሰደዱት ሶሓቦች አንዱ ነው። በኋላ መዲና ውስጥ ሞቶ ሲቀበር ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አንድን ሰው ድንጋይ እንዲያመጣ አዘዙት፤ ሰውየው መሸከም አቃተው። እርሳቸው ተነሡ፤ እጅጌያቸውን ሰብስበው ድንጋዩን ራሳቸው ተሸከሙና ከቀብሩ ራስጌ አኖሩት። የወንድማቸው ቀብር በእርሱ እንዲታወቅ ብለው ነው። ሐዲሡን አቡ ዳውድ ዘግበውታል።

ልብ በሉ! ቀብሩ ላይ ሕንፃ አልገነቡም፤ አላስጌጡትም። አንድ ምልክት አኖሩ፤ እርሱንም በገዛ ጉልበታቸው።

ክረምት በመጣ ቁጥር ተማሪዎቻችን ለበጎ ፈቃድ አገልግሎት ይሰማራሉ። ችግኝ ይተክላሉ፤ የአቅመ ደካሞችን ቤት ያድሳሉ። ጂንካና ደቡብ ኦሞ ያላችሁ ግን ሌላም ሥራ አላችሁ። የታችኛው ኦሞ ሸለቆ በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከጂንካ በላይ ኮረብታው ላይም የአካባቢውን ሕዝቦች ቅርስ የያዘው የደቡብ ኦሞ ሙዚየም አለ። ይሁንና ሰው ሁሉ ሙዚየም አይገባም፤ መንገደኛው የሚያነበው በየዳሩ የቆመውን ሰሌዳ ነው። ዝገት የበላው ሰሌዳ ካገኛችሁ ፈቃድ ጠይቁና ፍቁት፤ ቀለም ቀቡት።

ብሩሹን ከማንሳታችሁ በፊት ግን ቆም በሉ። የደበዘዘው ጽሑፍ ራሱ ስሕተት ቢሆንስ? ኛንጋቶሞች ለረጅም ጊዜ «ቡሜ» ሲባሉ ኖረዋል፤ ዳሰነቾች ደግሞ «ገለብ»። ሁለቱም ሌሎች ያወጡላቸው ስም ነው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሑጁራት 11ኛው አንቀጽ ሰዎችን በማይወዱት ስም መጥራትን ከልክሎናል። የሰውን ስም ያበላሸ ጽሑፍ በአዲስ ቀለም ሲደምቅ በደሉም አብሮ ይደምቃል።

መድረሳ ሳለን ኡስታዞቻችን «ከማን ሰማህ?» ይሉን ነበር። ዩኒቨርሲቲም ስንገባ «ምንጭህ ምንድን ነው?» ተባልን። ጥያቄው አንድ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሂዱና ተቀመጡ። ራሳችሁን ምን ብላችሁ ትጠራላችሁ? ይህ ቦታስ በእናንተ ቋንቋ ማን ይባላል? ብላችሁ ጠይቁ። ያላረጋገጣችሁትን አትጻፉ፤ ሰሌዳ ላይ የሚጻፍ ቃል ምስክርነት ነውና። ባለ ስሙ ሙስሊም ባይሆንም ሐቁ ሐቅ ነው፤ ፍትሕ ለሁሉም ታዘናል።

በመጨረሻ ኒያችሁን አስተካክሉ። ከሥራው በፊት ፎቶውን አታስቡ። ያ ድንጋይ የተቀመጠው ወንድም እንዲታወቅ ነው፤ የእናንተም ሰሌዳ የሚያሳውቀው ባለቤቱን እንጂ አዳሹን አይሁን። እናንተን አላህ ያውቃችኋል፤ እርሱ ይበቃል።

አላህ ሥራችንን ለእርሱ ብቻ የጠራ ያድርግልን፤ እውነትን ከሚመሰክሩትም ያድርገን። በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሶለዋት አብዙ።