የቻርጀሩን ሒሳብ ማን ይክፈል?

በ2016 ዓ.ም የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ «ኤሌክትሪክ ግዙ ያለን መንግሥት ቻርጀሩንም ይትከልልን» የሚል ክርክር እሰማለሁ። ግማሽ እውነት አለው። ግን የመንግሥት ገንዘብ የማን ነው? ከሕዝቡ ግማሽ የሚጠጋው ቤቱ መብራት አልገባም፤ ሳሙና ሲገዛ ግን ታክስ ይከፍላል።

ነገሩን በምጣድ እናስላው። የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። ባለ 120 ኪሎዋት አንድ ፈጣን ቻርጀር ማለት 34 ምጣድ ባንዴ ተጣደ ማለት ነው። (የሰፈራችሁን ትራንስፎርመር በበዓል ዋዜማ አስቡት።) ስለዚህ ወጪው የማሽኑ ብቻ አይደለም፤ መስመሩም ትራንስፎርመሩም አለ። ይሄን መክፈል ያለበት ባለመኪናው ነው ባይ ነኝ።

ችግሩ፣ ሁሉንም ወጪ የሕዝብ ቻርጀር ዋጋ ላይ ብንጭነው ባለቪላው ያመልጣል። እሱ ማታ ግቢው ውስጥ፣ በቤት ታሪፍ ሰክቶ ይተኛል። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖረው ግን ገመድ በመስኮት አያወርድም፤ ውጭ ወጥቶ የሁለቱንም ሒሳብ ሊከፍል ነው። ትራንስፎርመሩን የሚያጨናንቁት ግን ሁለቱም ናቸው። እና የመስመሩ ድርሻ ከመኪናው ላይ፣ በየዓመቱ ከቦሎ ጋር ቢሰበሰብ ይሻላል፤ ባትሪው በተለቀ ቁጥር ክፍያው ይጨምር። የት ቻርጅ እንዳደረገ ማንም መጠየቅ አያስፈልገውም።

ታክሲና አውቶቡስ ላይ ግን እለዝባለሁ። መኪና የሌለውም ይሳፈርባቸዋል። እሱም ቢሆን የከተማ አውቶቡስ ከሆነ ከከተማው ካዝና ይውጣ እንጂ፣ መብራት ያልገባለት ገበሬ ሳሙና ላይ አይጫን።