«ቻለው» ከማለታችን በፊት

ከይፋት ቆላ ወደ ደጋው የሚወጣ መንገደኛ የሸዋ ሮቢትን ሙቀት ትቶ፣ ደብረ ሲናን አልፎ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር ወደሚበልጠው ወደ ጣርማ በር ብርድና ጉም ይገባል። በኅዳር ወር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት በደረሰ ጊዜ ብዙ ወገኖቻችን ይህን ዳገት የወጡት በስደት ነበር። ከእነርሱ መካከል ቤቱንና ከብቱን፣ ከዚያም አልፎ ዘመዱን ያጣ አለ። እንዲህ ያለውን ሰው ስናገኝ አብዛኛውን ጊዜ ከአፋችን የሚወጣው ቃል «ቻለው፤ ምን ይደረጋል!» የሚል ነው። ይህ ቃል በእውነት መጽናኛ ነውን? ወይስ እኛ ራሳችን ከሌላው ኀዘን የምንሸሽበት መንገድ ነው?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ ዜኖን የተባለ የቆጵሮስ ተወላጅ በአቴና ከተማ በሥዕል ባጌጠ የደጅ መመላለሻ ሥር ማስተማር ጀመረ። ቦታው በግሪክኛ «ስቶኣ» ይባል ስለ ነበር ተከታዮቹ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 ኢስጦኢኮች ተብለው ተጠርተዋል። በኋላ ዘመን ከተነሡት መካከል ኤፒክጤጦስ ባሪያ የነበረ ሰው ሲሆን፣ ማርቆስ አውሬልዮስ ደግሞ ከ161 እስከ 180 እ.ኤ.አ. የሮማ ንጉሠ ነገሥት ነበር። ባሪያውም ንጉሡም ያስተማሩት አንድ ነገር ነው፦ ሀብት፣ ጤና፣ ዝናና ሞት በእጃችን አይደሉም፤ ፍርዳችንና ፈቃዳችን ግን የራሳችን ናቸው።

በዚህ ትምህርት ውስጥ ታላቅ እውነት አለ። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው እሳቱን ማስቀረት አልቻለም፤ ጎረቤቱን ለመጥላት ወይም ላለመጥላት መወሰን ግን አሁንም የእርሱ ነው። ይህን ነጻነት ማንም የጦር መሣሪያ የያዘ ሰው ሊነጥቀው አይችልም።

ሆኖም ኤፒክጤጦስ ስለሚያለቅስ ሰው ሲመክር፣ በቃል ልናጽናናው፣ ካስፈለገም አብረነው ልንቃትት እንደሚገባ ከተናገረ በኋላ፣ በውስጣችን ግን እንዳናዝን ያስጠነቅቃል። እዚህ ላይ ከእርሱ እንለያለን። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንዱ የሌላውን ለቅሶ በሚደርስበት በይፋት ምድር፣ ልቡን ውጭ ትቶ ለቅሶ ቤት የሚገባ ሰው ለቅሶ ደረሰ አይባልም።

የግሪክ ጥበብ ለአባቶቻችን እንግዳ አልነበረም። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አባ ሚካኤል መጽሐፈ ፈላስፋን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መልሰዋል፤ በውስጡም በሶቅራጥስ፣ በአፍላጦንና በአርስጣጣሊስ ስም የተጻፉ ምክሮች ይገኛሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት ያስተማሩት ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን አባ ክሎድ ሰምነር በ1974 እ.ኤ.አ. ይህን መጽሐፍ አጥንተው ባሳተሙ ጊዜ፣ የኢትዮጵያ ተርጓሚ ቃል በቃል የሚገለብጥ ሳይሆን የሚጨምር፣ የሚቀንስና ከራሱ እምነት ጋር የሚያስማማ መሆኑን አስተውለዋል። እኛም የኢስጦኢኮችን ትምህርት ልንቀበል የሚገባን በዚሁ አኳኋን ነው።

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ በአቴና ፈላስፎቹን አልናቃቸውም፤ ከባለቅኔዎቻቸው ቃል ጠቅሶ አነጋገራቸው። ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክቱ ግን ከሚያለቅሱት ጋር እንድናለቅስ አዘዘ። ጌታችንም አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ ስለ እርሱ አለቀሰ። እንግዲህ እንባ የእምነት ጕድለት አይደለም፤ ጽናትም የልብ መድረቅ አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ እንጨምር። ለተፈናቀለው ሰው መጠለያ ማግኘት በእጁ ላይሆን ይችላል። ለእኛ ግን አንድ ብርድ ልብስ መስጠት፣ አንድ ቁና እህል ማካፈል፣ ጎጆውን ሲሠራ አንድ ቀን በጉልበት መርዳት በእጃችን ነው። በእጃችን ያለውን ሳናደርግ ለሌላው ትዕግሥትን ብንሰብክ፣ ትዕግሥቱ የእርሱ፣ ኃጢአቱ ግን የእኛ ይሆናል።

ስለዚህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ልጆቻችንን ሁለቱንም እናስተምራቸው፦ የራሳቸውን መከራ በጽናት መሸከምን፣ የሌላውንም መከራ አብረው ማንሣትን። እኛም ወደ ኀዘንተኛው ስንሄድ አስቀድመን አጠገቡ እንቀመጥ፤ እናዳምጠው፤ የጐደለውን እንጠይቀው። ከዚያ በኋላ «ቻለው» ብንለው፣ ብቻውን እንዲችለው እንዳልተውነው ያውቃል።