ሳያውቁ ያደረሱት ጉዳት

ሰው ሳያውቅ ላደረሰው ጉዳት ይጠየቃልን? ይህ በሥነ ምግባር ትምህርት ዘወትር የሚነሣ ጥያቄ ነው። እኛም ዛሬ ጥያቄውን ማንም ባልጠረጠረው ነገር፣ ማለትም በባሕር ዳርቻ አሸዋ፣ ልንመረምረው አስበናል።

በአውስትራሊያ የምትገኘው የሜልበርን ከተማ ፖርት ፊሊፕ በሚባል ሰፊ የባሕር ወሽመጥ ዳር ተቆርቁራለች። ከእርሻ፣ ከጎዳናና ከፍሳሽ ማጣሪያ የሚወጣው ናይትሮጅን ወደዚሁ ወሽመጥ ይገባል። በባሕሩ ወለል የሚኖሩ ጥቃቅን ተሕዋስያን አብዛኛውን ናይትሮጅን ጉዳት ወደሌለው ጋዝ ስለሚለውጡት ውሃው ሳይበላሽ ኖሯል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1996 የተጠናቀቀ ጥናት የዚህ አገልግሎት አቅም ወሰን እንዳለው አስረድቶ፣ በየዓመቱ የሚገባው ናይትሮጅን በ1000 ቶን እንዲቀነስ መከረ።

አሸዋው ግን ሌላም ምስጢር ነበረው። ሚቴን የተባለው ጋዝ በመቶ ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያህል ምድርን ያሞቃል። ይህን ጋዝ የሚያመነጩት ተሕዋስያን ኦክስጅን ባለበት ሊሠሩ አይችሉም፣ ማዕበልም በአሸዋው መካከል ኦክስጅን ያለበትን ውሃ ያመላልሳል፤ ስለዚህ አሸዋው ከዚህ ነጻ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። በቅርብ ዓመታት ግን ተመራማሪዎች በዚሁ ወሽመጥና በዴንማርክ ዳርቻ አሸዋ ውስጥ ኦክስጅንን የሚቋቋሙ፣ ከሚበሰብስ የባሕር አረም በሚወጣው ነገር እየተመገቡም ሚቴን የሚሠሩ ተሕዋስያን አገኙ። ከመጠን ያለፈ ናይትሮጅን ደግሞ አረሙን ሊያበዛው ይችላል።

እንግዲህ ጥፋተኛው ማን ነው? አሸዋው አይደለም፤ ተሕዋስያኑም የተፈጥሯቸውን ይሠራሉ። ትናንት ማሳውን በማዳበሪያ ያለማው ገበሬም ይህን ሊያውቅ ስለማይችል አንወቅሰውም። ነገር ግን አለማወቅ ሁለት ዐይነት ነው፤ አንዱ ማወቅ ያልተቻለው፣ ሌላው ማወቅ ሲቻል ችላ የተባለው ነው። የፊተኛው ከበደል ነጻ ያወጣል፤ የኋለኛው ራሱ በደል ነው።

«የእኔ ድርሻ ኢምንት ነው» የሚል አይጠፋም። ሆኖም ያ 1000 ቶን የተጠራቀመው ኢምንት ከሚመስሉ ድርሻዎች ነው። ስለሆነም ለልጆቻችን ስናስተምር ይህን እንጨምርላቸው፦ «አላወቅሁም» የሚለው ቃል ትናንት እውነተኛ ምክንያት ነበር፤ ካወቅን በኋላ ግን ሰበብ ብቻ ይሆናል። ገና ያልደረስንበት ብዙ ነገር ስላለም፣ በማናውቀው ነገር ላይ እጃችንን ሰብሰብ ማድረግ ፍርሃት ሳይሆን አስተዋይነት ነው።