ልጅ ለወላጁ ስለሚያመጣው የማገዶ ትምህርት

አንባቢዎቻችን ሆይ፤ በዚህ ወር ልናነሣው የወደድነው ጥያቄ ለብዙ ሰው ታናሽ መስሎ ይታይ ይሆናል። ይኸውም፤ በትምህርት ቤት ያለ ልጅ ስለ እሳትና ስለ ማገዶ ቍጠባ የተማረውን ወደ ቤቱ ወስዶ አባቱንና እናቱን ቢያስተምር ተገቢ ነውን? ወይስ ይህ የቤትን ሥርዓት መገልበጥ ነው? የሚል ነው።

ነገሩ ታናሽ አለመሆኑን ለማየት እስከ እስቴ መካነ ኢየሱስ መሄድ ይበቃል። በዚያ ወገን ያለው የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ ከእርሱ የሚወጡት ርብና ጉማራ ወደ ጣና ይገባሉ፤ ከጣናም ውኃው በዓባይ ይወርዳል። ከተራራው በታች ያለው አገር ግን አብዛኛው የታረሰ ነው። የቀደመው ደን የቀረው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ነው፤ ጥዱና ወይራው በዚያ ተጠልሎ ይገኛል። ከቅጥሩ ውጭ የሚታየው ባሕር ዛፍ ሲሆን፣ እርሱም በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነው። ሕዝቡ እግዚአብሔርን ፈርቶ የቤተ ክርስቲያኑን ዛፍ ሳይነካ ኖረ፤ ከቅጥሩ ውጭ ያለውም ዛፍ የዚያው ፈጣሪ ሥራ መሆኑን ግን ብዙዎቻችን አላስተዋልንም።

እንጨት ባነሰ ቍጥር ኩበት ይነዳል። ኩበት ሲነድ የሚቃጠለው ለማሳው ፍግ ሊሆን ይገባው የነበረው ነው፤ ስለዚህ ዛሬ ምጣዱን የሚያሰማው እሳት የከርሞውን እህል ይበላል ማለት ነው። እንጨቱን የሚለቅሙት፣ ኩበቱንም የሚጠፈጥፉት አብዛኛውን ጊዜ እናትና ሴት ልጅ ናቸው። ልጅቱ ማገዶ ስትፈልግ ትውልና ደብተሯ ሳይገለጥ ይመሻል። ጭሱም ያው የእነርሱ ዕድል ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደ ሞቱ ገምቷል።

በአገራችን ከቤት ማገዶ ግማሽ ያህሉን የሚወስደው እንጀራ መጋገር ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ የተጣደ ምጣድ ዙሪያው ክፍት ስለ ሆነ፣ የእሳቱ ሙቀት አብዛኛው ሳይሠራበት ይበተናል። በ1980ዎቹ ዓ.ም. ምርጥ የተባለው ምድጃ የተሠራው ይህን ለማስቀረት ነው። ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተሠርቶ የሚገጣጠም ሲሆን፣ ምጣዱን ዙሪያውን ይዘጋዋል፤ ከምጣዱ የተረፈውም ሙቀት ከኋላ የተጣደውን ድስት ያሞቃል። በደንብ ከተያዘ ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። አበው ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አይጣፍጥም ይላሉ፤ እውነት ነው፤ ነገር ግን ወጡ ባይጣፍጥም የሠሪዋ ዓይን ከጭስ ይድናል፤ ምሳሌው ስለ ዓይኗ አልተናገረም።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው እንመለስ። አባትና እናትን ማክበር ትእዛዝ ነውና፣ ልጅ ወላጁን «እንዲህ አድርግ» ቢል ድፍረት ይሆናል የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ። ቃላቸውን አንንቅም። ነገር ግን ያስተምራል ማለት ያዛል ማለት ብቻ አይደለም፤ አንድም ያሳያል ማለት ነው፤ አንድም ይጠይቃል ማለት ነው። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በተጀመረ ጊዜ ወጣቶች አረጋውያንን ፊደል አስቈጥረዋል፤ ፊደል የቈጠረው አረጋዊ ስለዚህ አባትነቱ አልቀረበትም።

ደግሞም ስለ እሳት ከሆነ የቤት እናት ከመምህሩ ይልቅ ታውቃለች። ማታ ረመጡን በአመድ የምትዳፍን፣ እሳት ቢጠፋባት ከጎረቤት ጭራ የምታመጣ፣ ባቄላና ሽንብራ ቶሎ እንዲበስል አስቀድማ የምትዘፈዝፍ እርስዋ ናት። ይህ ሁሉ ቍጠባ ነው፤ ስሙን ብቻ አልሰጠችውም። ስለዚህ መልካም የትምህርት ቤት መርሐ ግብር እናትን ከመውቀስ አይጀምርም፤ ተማሪው «እማዬ፣ እሳቱን እንዴት ታሳድሪዋለሽ?» ብሎ እንዲጠይቅና መልሷን ለክፍሉ እንዲያመጣ ያደርጋል። ከዚያም አንድ ሳምንት በጉልቻ፣ አንድ ሳምንት በምድጃ የነደደውን እንጨት መዝኖ ይጻፍ። አባት ልጁ የመዘነውን ቍጥር ሲያይ እንደ ታዘዘ አይቈጥረውም፤ ራሱ ይፈርዳል።

ከዚህ የሚከብደው ጥያቄ የፍትሕ ነው። ጥቂት ላለው ሰው «ቈጥብ» ማለት ይገባልን? በእኛ አሳብ የሚገባው የተቈጠበው ነገር ወደ ቈጣቢው ቤት የሚመለስ ሲሆን ነው። ኩበቱ ወደ ማሳ፣ የልጅቱም ሰዓት ወደ ደብተሯ ካልተመለሰ፣ ትምህርቱ በድኻ ላይ የተጨመረ ሸክም ይሆናል። በተለይ አባትየው ትርፉን ጊዜ ለሌላ ሥራ ከወሰደባት፣ ምድጃው ለእርስዋ ምንም አላደረገም።

በከተማ ያለነው ደግሞ በማብሪያ ማጥፊያ የምንቈጥብ፣ ከዚህ ነገር ነፃ የሆንን ይመስለናል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይወስዳል፤ ይህም እያንዳንዱ 10 ዋት የሆነ 350 አምፑል በአንድነት እንደ ማብራት ነው። ሊጥ ሳይቀርብ ምጣዱን ማጋል፣ ለሁለት እንጀራም ብሎ ማብራት ብክነት ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ግድብ ከ5,000 ሜጋ ዋት በላይ የማመንጨት አቅም አለው፤ ብዙ አለ ተብሎ ግን አይባከንም። ከጉና የወረደው ውኃ በዚያ ሲያልፍ፣ በጉና ግርጌ ያለችው እናት ገና ኩበት ታነዳለችና። በአንዳንድ አጥቢያም በቀን ብርሃን አምፑል ሲበራ እናያለን፤ ለአንድ ተዝካር የሚነደውንም እንጨት መቍጠር ለሚመለከታቸው እንተዋለን።

ይህን ሁሉ በትምህርት ቤት ማስተማር የሚቻለው ትምህርት ቤቱ ክፍት ሲሆን ነው። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው አዲስ ሥርዓተ ትምህርት ለአንደኛ ደረጃ ልጆች የግብረ ገብ ትምህርት ሰጥቷል፤ የአካባቢ ሳይንስም አለ፤ ለማገዶ ነገር ሁለቱም ይመቻሉ። ነገር ግን በዚያው ዓመት ክረምት በአማራ ክልል ጦርነት ተነሥቶ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። በሩ የተዘጋበት ልጅ ደብተሩን ቢያጣም ማገዶ መልቀሙን አላቆመም። በእንዲህ ያለው ስፍራ የሰንበት ትምህርት ቤት፣ የአብነት መምህሩና የጽዋ ማኅበሩ ሚዛኑንና ምድጃውን ሊይዙ ይችላሉ። ማኅበርተኛው በየወሩ ጥቂት ቢያዋጣ ለአንድ ቤት ምድጃ የሚሆን ሲሚንቶ ይገዛል፤ የመጀመሪያው ምድጃ በማን ቤት ይሁን ቢባል፣ ሴት ልጇ ከትምህርት ከቀረችባት እናት ቤት ቢጀመር እንወዳለን።